የግድግዳው ሽማግሌ፦ ሊዮናርድ ኮኸንን የምታውቁት እስቲ አውሩኝ

የአውቶቡስ መስኮት (ሞንትሪያል)

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ጽሑፌ ይረዝማል፤ ቡና የያዘ ይቀመጥ።

ሞንትሪያል መጥቼ መጀመሪያ ፊቱን የለመድኩት ሰው በሕይወት የለም። ክሬሰንት በሚባለው ጎዳና፣ ሃያ ፎቅ ያህል በሚረዝም ሕንፃ ጎን ላይ፣ ባርኔጣ ያደረገ፣ እጁን ደረቱ ላይ ያሳረፈ ሽማግሌ ተስሏል። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት በአውቶቡስ መስኮት እያየሁት "የድሮ ከንቲባቸው መሰለኝ" እያልኩ አለፍኩት።

የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ነው። አንዲት ባልቴት አሉ፤ ገላቸውን ሳጥባቸው፣ ውሃው ሲሞቅላቸው፣ ሁልጊዜ አንዲት ዜማ ያንጎራጉራሉ። ብዙ የማትወጣ፣ ብዙ የማትወርድ፣ እንደታሰረች ጀልባ ባለችበት የምትወዛወዝ ዜማ ናት። እኔ "እማማ" ነው የምላቸው፣ በአማርኛ፤ ለምደውታል። አንድ ቀን "ይቺ ዘፈን የማን ናት?" ስላቸው እርጥብ ጣታቸውን ወደ መስኮቱ ቀስረው "የግድግዳው ሰውዬ" አሉኝ። ዘፈኗ "ሱዛን" ናት። ያን ቀን ማታ ዩቲዩብ ከፈትኩ፤ ይኸው ስድስተኛ ወሬን ያዝኩ፣ አልዘጋሁትም።

ያገኘሁትን ልንገራችሁ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሊዮናርድ ኮኸን በሴፕቴምበር 1934 ዌስትማውንት በሚባለው የሞንትሪያል ባለጸጎች ሰፈር ተወለደ። ቤተሰቡ አይሁድ ነው፤ አባቱ የወንዶች ሙሉ ልብስ የሚሰፋበት ንግድ ነበራቸው። የአባቱ አባት ላዮን ኮኸን የካናዳ አይሁዶች ኮንግረስ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ነበሩ። የእናቱ አባት ደግሞ ከሊትዌኒያ የመጡ የታልሙድ (የአይሁድ ሕግ መጽሐፍ) ሊቅ ረቢ ናቸው። እንግዲህ በአንድ ወገን ሱፍ፣ በሌላው ወገን መጽሐፍ።

ዘጠኝ ዓመቱ ላይ አባቱ ሞቱ። ልጁ ምን አደረገ መሰላችሁ? ከአባቱ ቁም ሳጥን አንዱን ፓፒዮን አወጣ፣ ሰንጥቆ ውስጡ ብጣሽ ወረቀት ላይ የጻፈውን ከተተበት፣ ወስዶ ጓሮ ቀበረው። መጀመሪያ የጻፍኩት ነገር እሱ ነው ይል ነበር። ምን ብሎ እንደጻፈ ግን ከትዝታው ጠፍቷል። ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሁሉ ምናልባት ያቺን ወረቀት ፍለጋ ይሆናል የሚል ነገርም ተናግሯል። እኔ እዚህ ጋ ቪዲዮውን አቁሜ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በ1956 የመጀመሪያ የግጥም መጽሐፉ ወጣ፣ በ1961 ሁለተኛው። በ1963 እና በ1966 ሁለት ልብወለዶች አሳተመ። ጋዜጣው አወደሰው፣ ኪሱ ግን ባዶ ነው። ግጥም እንደማያበላ ሲገባው ጊታሩን ይዞ ኒውዮርክ ወረደ። የመጀመሪያ አልበሙ በ1967 መጨረሻ ሲወጣ 33 ዓመቱ ነበር። በዚያ ዘመን ለዘፈን ጀማሪ ይሄ ሽምግልና ነው።

አሁን ወደከነከነኝ ጉዳይ። "ሃሌሉያ" የምትባለዋን ዘፈኑን ሳታውቋት አትቀሩም። እሷን ለመጻፍ አምስት ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። ወደ 80 አንጓ ጽፎ ነው ጥቂቱን ያስቀረው። ኒውዮርክ ሆቴል ክፍል ውስጥ በውስጥ ሱሪ ብቻ ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ "ይቺን መጨረስ አልቻልኩም" እያለ ግንባሩን ከምንጣፉ ጋር ሲያጋጭ እንደነበር ራሱ አውርቷል። ቦብ ዲላን ዘፈኗን ወዷት ስንት ጊዜ እንደፈጀች ሲጠይቀው "ሁለት ዓመት" ብሎ ዋሸ፤ አፍሮ ነው፣ ቀንሶ ነው የነገረው። በተራው ዲላንን ስለ አንድ ዘፈኑ ቢጠይቀው "አሥራ አምስት ደቂቃ" አለው።

ግጥም የምትሞካክሩ እዚህ ቤት እንዳላችሁ አውቃለሁ። አምስት ዓመት ምን ሲሠራ ነው?


አቦል (አዲስ አበባ)

አዳመጥኩት። እንቅልፍ ወሰደኝ። ከምሬ ነው፣ ታክሲ ውስጥ ኢርፎን ሰክቼ ሜክሲኮ መውረድ ሲገባኝ ሳር ቤት ነው የነቃሁት።

ወንድሜ፣ ሰውየው ድምፅ የለውም። ያወራል እንጂ አይዘፍንም። "ሃሌሉያ"ም ብትሆን ያሳመራት ሌላው ነው፣ ያ ወጣቱ ጄፍ በክሊ። የካርቱን ፊልሙ ላይ፣ ሽሬክ ላይ ያለችው ማለቴ ነው።


የአውቶቡስ መስኮት (ሞንትሪያል)

አቦል፣ ሽሬክ ላይ ያለችው የጆን ኬል ናት እንጂ የበክሊ አይደለችም 🙂። ኬል በ1991 ሊዘፍናት ፈልጎ ግጥሙን ላክልኝ ቢለው ኮኸን አሥራ አምስት ገጽ በፋክስ ሰደደለት። ኬል ከዚያ መርጦ ነው የዘፈናት፤ በክሊ በ1994 የሄደው የኬልን መንገድ ተከትሎ ነው።

ድምፁን በተመለከተ ግን ካንተ በፊት ራሱ ቀልዶበታል። በ1993 የካናዳ ጁኖ ሽልማት የዓመቱ ምርጥ ወንድ ድምፃዊ ብሎ ሲሸልመው መድረክ ላይ ወጥቶ፣ እንደ እኔ ዓይነት ድምፅ ያለው ሰው በዚህ ዘርፍ ሊሸለም የሚችለው ካናዳ ብቻ ነው አለ።


ጊታሬን ያያችሁ (ፒያሳ)

እኔ በኮርድ (ጊታር ላይ አብረው በሚመቱት ድምፆች) በኩል ልግባ፣ ግጥሙን ለባለቤቶቹ ትቼ።

ይሄ ሰው ዕድሜ ልኩን የኖረው በስድስት ኮርድ ነው፤ ይህን ያለው ራሱ ነው። በ2011 ስፔን፣ ኦቪየዶ ከተማ፣ የአስቱሪያስ ልዑል ሽልማት ሲሰጡት ያደረገው ንግግር አለ፤ ፈልጋችሁ ስሙት። ልጅ እያለ ከእናቱ ቤት ጀርባ መናፈሻ ውስጥ፣ ቴኒስ ሜዳው አጠገብ፣ አንድ ስፔናዊ ወጣት ጊታር ሲጫወት ያየዋል። አስተምረኝ አለው፤ ተስማሙ። ልጁ በመጀመሪያው ቀን ጊታሩን ቃኝቶ ስድስት ኮርድ አሳየው፣ አልሆነለትም። በሁለተኛው ቀን ጣቶቹን እየያዘ ክሩ ላይ አስቀመጠለት። በሦስተኛው ቀን ተሻሻለ። በአራተኛው ቀን ልጁ ቀረ። ኮኸን ወዳረፈበት ቤት ደውሎ ቢጠይቅ ራሱን አጥፍቷል አሉት። ስሙን በደንብ አያውቅም፣ ለምን ሞንትሪያል እንደመጣ አያውቅም፣ ለምን እንደሞተ አያውቅም። ግን የዘፈኖቼ ሁሉ መሠረት እነዚያ ስድስት ኮርዶች ናቸው ብሎ ስፔኖቹ ፊት መሰከረ።

በዚያው ንግግር ላይ ሌላም አለ። ከጉዞው በፊት በነበረው ሌሊት ንግግሩ አልመጣልህ ሲለው ስፔን የተሠራውን የአርባ ዓመት ጊታሩን ከሳጥኑ አውጥቶ አፍንጫው ላይ ያደርገዋል። የዝግባው ሽታ እንደ አዲስ ነው። የጊታር ሰው ይሄ ይገባዋል፤ የእኔም ክፍተቱ ላይ አፍንጫዬን ስደቅን እስከ ዛሬ የአናጢ ቤት ነው የሚሸተኝ።

አሁን "ሃሌሉያ"ን በሲ ሜጀር ያዙልኝ። መጀመሪያው አንጓ ላይ ዳዊት ስለደረደረው ምስጢራዊ ኮርድ ያወራና ቀጥሎ አካሄዱን ይነግራችኋል። አራተኛው ሲል እጃችሁ ኤፍ ላይ ነው፤ አምስተኛው ሲል ጂ፤ ማይነሩ ወደቀ ሲል ኤ ማይነር፤ ሜጀሩ ተነሳ ሲል ተመልሳችሁ ኤፍ። ቃሉና ጣታችሁ እኩል ይደርሳሉ። መምህር ሆኖ እያስተማራችሁ፣ በዚያው እየዘፈነ ነው። እስቲ አንዴ ቀስ ብላችሁ ሞክሩት፣ ሥራ ነው! አቦል ተኝቶ ያለፈው ይሄን ነው።


አቦል (አዲስ አበባ)

እሺ ኮርዷን አምኛለሁ። እንቅልፉ ግን እውነት ነው።


የዲማው ደቀ መዝሙር

ስለ አምስቱ ዓመት ለጠየቀው ወንድማችን የምለው አለኝ፤ በመጀመሪያ ግን ሙግት።

ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ግር ይለዋል። ተማሪው ጉባኤ ቃና የምትባለዋን አጭሯን ቅኔ ሲጀምር በየቁጥቋጦው ሥር ተበታትኖ፣ ጉልበቱን አቅፎ፣ ያለ ወረቀት ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይዘርፋል። መምህሩ "ተበላሸ" ካሉ ተበላሸ፤ ሄደህ ሌላ ነው። የትናንቱ ቅኔ ዛሬ አይቀርብም። ስለዚህ በእኛ ሚዛን ሊቅ የሚባለው ማኅሌት መካከል ቆሞ ያልተሰማ ቅኔ የሚያፈልቀው ነው። የእኛ ሰው የሚቀርበው ለአሥራ አምስት ደቂቃው ለዲላን ነው።

ደግሞ ግጥሙን አስተርጉሜ ባየው ሰውየው ሰም ለበስ ነው። ሰሙ መጽሐፍ ነው፤ ዳዊት ከሰገነቱ ቤርሳቤህን ስትታጠብ ያያል፣ የሶምሶን ፀጉር ይላጫል። እነዚህን የሁለት መጻሕፍት ሰዎች በአንድ ትንፋሽ አዋሕዶ፣ አንዱን ሰው አድርጎ፣ የተራ ሰው ወጥ ቤት ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል። ወርቁ ምን እንደሆነ ስታዩ ቤተ ክርስቲያን የሚያስገባ ዘፈን አይደለም። ሰርግ ላይ "ሃሌ ሉያ ይላል" ብላችሁ የምታስከፍቱ ተጠንቀቁ፤ ስለ ተሰበረ አልጋ ነው የምታወሩት።

እና ምኑ ላይ አምስት ዓመት ፈጀ? በእኔ ግምት ሰሙ አላስቸገረውም፤ ሰሙን ልጅ ሆኖ ከአያቱ ጋር ኢሳይያስን ሲያነብ ነው የጨረሰው። ያስቸገረው መጣል ነው። ሰባ ምናምን አንጓ የሚጥል ሰው በሕይወቴ አላየሁም። እኔ አንድ ስንኝ ስጥል ልጅ የሞተብኝ ያህል አለቅሳለሁ።


ናታንያ ነኝ

ኮኸን ማለት እኮ ካህን ነው፣ ያው የእኛው ቃል። ለአባቴ ይሄን ዘፋኝ ሳሰማው ከዘፈኑ በፊት "የካህን ዘር ነው?" ብሎ ነው የጠየቀኝ። አዎ ስለው ድምፁን ጨምሪው አለኝ።

እስራኤል ውስጥ ሰውየውን ሁሉም የሚያውቀው በ1973ቱ ጦርነት ነው። የስርየት ቀን ላይ ጦርነቱ ሲነሳ እሱ ግሪክ ነበር። አውሮፕላን ተሳፍሮ መጣ፤ ኪቡትስ (የጋራ እርሻ መንደር) ገብቶ ልሥራ ነበር ሐሳቡ። ቴል አቪቭ ካፌ ውስጥ ሙዚቀኞች አግኝተውት ወደ ሲና ይዘውት ሄዱ። ማቲ ካስፒ ጊታር እየመታለት በረሃ ላይ፣ ለጥቂት ወታደር፣ ለአቧራና ለታንክ ዘፈነ። "ሎቨር ሎቨር ሎቨር" የምትባለዋን እዚያው ነው የጻፋት። እኔ ሠራዊት ውስጥ ሆኜ ሬዲዮ ላይ ስሰማት የፍቅር ዘፈን መስላኝ ነበር።

በ1974 ደግሞ "ሁ ባይ ፋየር" ወጣች። እሷ በቀጥታ ከጸሎት የተወሰደች ናት፤ በአዲስ ዓመትና በስርየት ቀን አሽከናዚዎቹ (የአውሮፓ አይሁዶች) ምኵራብ ውስጥ የሚሉት "ማን በውሃ፣ ማን በእሳት" እያለ በሚመጣው ዓመት ማን እንዴት እንደሚሞት የሚቆጥር ጸሎት አለ። እኛ ከጎንደር ይዘነው የመጣነው ጸሎት በግዕዝ ስለሆነ ይሄን እዚህ ነው ያወቅነው። ኮኸን የቆጠራውን ሥርዓት ወስዶ የዘመኑን አሟሟት ጨመረበት፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ጸሎቱ የማይጠይቀውን ጠየቀ፦ ጠሪው ማን ነው ልበል?

በሴፕቴምበር 2009 ራማት ጋን ስታዲየም ወደ ሃምሳ ሺህ ሰው ፊት ሲጨርስ እጆቹን ዘርግቶ የካህናቱን ቡራኬ በዕብራይስጥ አደረሰ። በዘፋኝነት የመጣ ሰው በካህንነት አሰናበተን።


ሻይ በብርቱካን

ወንዶች፣ ሁላችሁም ስለ ኮርድና ስለ ካህን ታወራላችሁ፤ ሴቶቹስ?

ሱዛን ሱዛን ቨርዳል ናት። የሞንትሪያል ዳንሰኛ፣ የኮኸን ወዳጅ የነበረ ቀራፂ ሚስት የነበረች። ወንዙ አጠገብ ካለው ቤቷ ጋብዛው የብርቱካን ልጣጭ ያለበት ሻይ አቅርባለታለች። (የእኔ ስም ከየት እንደመጣ አሁን ገባችሁ።) ፍቅረኛሞች አልነበሩም። ግጥሙ ላይ የወደቡ እመቤት ያለው ወደቡን የምታየውን የቦንሴኩር ቤተ ክርስቲያን ነው። ዘፈኗን መጀመሪያ ያስተዋወቀቻት ዘፋኟ ጁዲ ኮሊንስ ናት፣ በ1966፤ አስገድዳ መድረክ ላይ ያወጣችውም እሷ ናት ማለት ይቻላል። ኮኸን ደግሞ ሳያነብ ፈርሞ የ"ሱዛን"ን መብት አጣ።

ማሪያንስ? በ1960 ሃይድራ የምትባል የግሪክ ደሴት ሄዶ፣ ከአያቱ በወረሰው ገንዘብ በ1,500 ዶላር ቤት ገዛ። መብራት የለም፣ የቧንቧ ውሃ የለም። ማሪያን ኢህለን ኖርዌጂያዊት ናት፤ ሕፃን ልጅ ይዛ ባሏ ትቷት የቀረች። አብረው ኖሩ። ጠዋት እሷ ጠረጴዛው ላይ አበባ ታስቀምጣለች፣ እሱ ይጽፋል። ደሴቲቱ ላይ የስልክ ሽቦ ሲዘረጋ "ሥልጣኔ ደረሰብኝ" ብሎ ተናደደ፤ ቆይቶ ወፎች መጥተው ሽቦው ላይ ሲያርፉ "በርድ ኦን ዘ ዋየር" መጣች። በ1969 የወጣው ሁለተኛው አልበም ጀርባ ላይ የጽሕፈት መኪናው ፊት ፎጣ ለብሳ የተቀመጠችው ሴት እሷ ናት። ከዚያስ? ዝነኛ ሲሆን ኒውዮርክ፣ ናሽቪል፣ ሌላ ሴት፣ ሌላ ሴት። ለእሷ የስንብት ዘፈን ቀረላት። የሰው ልጅ ሙሉ ጠዋቱን አበባ ስታስቀምጥለት ከርሞ በዘፈን ይሸኛታል?

ግጥሙን እወዳለሁ። ስሜን እንኳ ከእሱ ነው የሰረቅሁት። ግን ቅዱስ አታድርጉት።


የአውቶቡስ መስኮት (ሞንትሪያል)

እህቴ፣ ቅዱስስ አላደረግነውም። ጋብቻን እሱም እንደማይሠራ ውል ነበር የሚያየው መሰለኝ፤ ከሚስት ጋር በሕግ ተጋብቶ አያውቅም፣ የሁለት ልጆች አባት ሲሆን እንኳ። ግን አንድ ልጨምርልሽ። በ2016 በጁላይ ወር ማሪያን ካንሰር ይዟት ቀናት ሲቀሯት ጓደኛዋ ለኮኸን ጻፈለት። መልሱ በሁለት ሰዓት ውስጥ መጣ። አጭር ናት። ከኋላሽ ነኝ፣ በጣም ቅርብ፣ እጅሽን ለመያዝ እስክደርስ ድረስ የምትል ነገር አላት። ጓደኛዋ አልጋዋ አጠገብ አነበበላት። ጁላይ መጨረሻ ላይ አረፈች። እሱ ኖቬምበር 7 ተከተላት።

አምስት ዓመት ለአንድ ዘፈን የሚፈጅ ሰው ያንን ደብዳቤ በሁለት ሰዓት ጨረሰው። የዲማው ወንድማችን ይሄን ዘረፋ ይለው ይሆን?


የዲማው ደቀ መዝሙር

ይሄስ ዘረፋ ነው። በቅጡ።


ሻይ በብርቱካን

እሺ፣ አስለቀሳችሁኝ፤ አልተሸነፍኩም ግን።


ደብተር ያዥ (ዱባይ)

እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ፤ ግጥም አይገባኝም። የዚህን ሰው ስም የማውቀው በሥራዬ በኩል ነው፣ እንደ ማስጠንቀቂያ።

በ1994 ሎስ አንጀለስ አጠገብ ማውንት ቦልዲ ተራራ ላይ ካለ የዜን (የቡድሂስቶች) ገዳም ገባ። ሌሊት በሦስት ሰዓት (በእኛ ዘጠኝ) ይነሳል፣ በረዶ ይጠርጋል፣ ለሽማግሌው መምህሩ ለሳሳኪ ሮሺ ምግብ ያበስላል። በ1996 መነኮሰ፤ ጂካን አሉት፣ ዝምታ ማለት ነው። ሃይማኖትህን ቀየርክ ወይ ሲሉት ሃይማኖትማ አለኝ፣ የአባቶቼ ይበቃኛል ይላል። በ1999 ወረደ። ከመነኮሰም ከወረደም በኋላ የባንክ ወረቀት የሚያይለት ሌላ ሰው ነበር። በ2004 ልጁ ነገሩን አሸተተችና ሒሳቡ ሲታይ ለጡረታ ያስቀመጠው ከአምስት ሚሊዮን ዶላር በላይ የለም። ቀረ የተባለው 150,000 ገደማ ነው። ሥራ አስኪያጁን ከሰሰ፤ በ2006 ፍርድ ቤት ዘጠኝ ሚሊዮን ይከፈለው ብሎ ፈረደለት። ፍርድና ገንዘብ ግን ለየቅል ናቸው፣ ይሄን እኔ በየቀኑ አያለሁ።

ዕድሜው ሰባ አልፏል፣ ምን ያድርግ? በሜይ 2008፣ በ73 ዓመቱ፣ ፍሬደሪክተን በምትባል ትንሽ የካናዳ ከተማ ጉብኝት ጀመረ። ለአሥራ አምስት ዓመት መድረክ አልወጣም ነበር። ማንም የጠበቀ የለም። እስከ 2013 ድረስ በየአገሩ ዞረ፤ በየመድረኩ ሦስት ሰዓት ያህል። የጠፋው ገንዘብ ተመለሰ፣ ከዚያም አለፈ።

ልብ በሉልኝ፦ ባይዘረፍ ኖሮ ያ ሁሉ ሕዝብ አያየውም ነበር። እንዲህ ዓይነት ነገር ሒሳብ መዝገብ ላይ በየትኛው ዓምድ እንደሚገባ አላውቅም። እኔም ከስድስት ዓመት በፊት ሸሪኬን አምኜ አንድ ሱቅ አጥቻለሁ፤ እኔ ግን መዝፈን አልችልም።


ጊታሬን ያያችሁ (ፒያሳ)

ደብተር ያዥ፣ የዚያን ጉብኝት የለንደኑን ቪዲዮ እዩ። ሌላው ብቸኛ ጊታር ሲመታ ኮኸን ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይይዛትና አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል። አጃቢዎቹን እየጠራ ያስተዋውቃል፣ ሁለት ሦስቴ። በመድረክ ላይ ይንበረከካል፤ ሲወጣ እየዘለለ ነው የሚወጣው፣ እንደ ልጅ። ስንት መድረክ ሠርቻለሁ፣ ዘፋኝ የከበሮ መቺውን ስም ሳያውቅ የሚያድርበትን አውቃለሁ።


ናታንያ ነኝ

ለዲላኑ ወሬ አንድ ማሟያ። "ሃሌሉያ" ያለችበት አልበም በ1984 ተሠርቶ ሲያልቅ የአሜሪካው ኩባንያ አናወጣውም ብሎ መልሶታል፤ በ1985 ትንሽ አሳታሚ ነው ያወጣው። በዲሴምበር 2008 ደግሞ በእንግሊዝ ሰንጠረዥ ዘፈኗ አንደኛም ሁለተኛም ሆነች፤ አንደኛ የአሌክሳንድራ በርክ፣ ሁለተኛ የጄፍ በክሊ። የራሱ የኮኸን ቅጂ 36ኛ ነበረች። ሃያ አራት ዓመት ጠብቆ በራሱ ዘፈን 36ኛ ወጣ።


አቦል (አዲስ አበባ)

ተመልሻለሁ። አትሳቁ።

ትናንት ማታ የመጨረሻውን አልበም ከፈትኩ፣ "ዩ ዎንት ኢት ዳርከር" የሚለውን፣ ከመሞቱ አሥራ ሰባት ቀን ቀደም ብሎ ኦክቶበር 21 ላይ የወጣውን። አንብቤ እንደተረዳሁት ወገቡ ተሰብሮ መቆም አይችልም ነበር። ልጁ አዳም ሳሎን ውስጥ የሕክምና ወንበር ላይ አስቀምጦት፣ ማይክ ደቅኖለት፣ እንደዚያ ነው የተቀረፀው። ከኋላ የሚሰሙት ወንዶች ልጅ ሆኖ የሚሄድበት የሞንትሪያሉ ምኵራብ መዘምራን ናቸው።

ድምፁ የለም ብዬ ነበር፤ አሁን ደግሞ ድምፅ ብቻ ነው የቀረው። ወርዶ ወርዶ መሬት ነክቷል። እና እናቴ ጓዳ ሽንኩርት እየከተፈች "ጾም ገባ እንዴ?" አለችኝ። ምን ማለቷ ነው ብዬ ስጠይቃት "በገና አይደለም እንዴ የከፈትከው?" አለች።

መልሼ ሰማሁት። እውነቷን ነው። ያው አንድ ዓይነት አመታት እየተመላለሰ፣ ሰውየው ከላይ ዝቅ ባለ ድምፅ ለራሱ የሚያወራ ይመስላል። በገናን ማንም "ድምፅ የለውም" ብሎ አያውቅም፣ እኔም ጭምር። ዘፈኑ መካከል ላይ "ሂነኒ" ይላል፤ ናታንያ፣ ትርጉሙን ንገሪን።


ናታንያ ነኝ

"አለሁ" ማለት ነው። አብርሃም ልጁን ሊሠዋ ሲጠራ የመለሰው ቃል። አንተን ሰው ሲጠራህ "አቤት" የምትለው ዓይነት፣ ግን ሁሉን ትቶ፣ ተዘጋጅቶ።


የዲማው ደቀ መዝሙር

አቦል፣ እናትህ ቅኔ አዋቂ ናቸው፤ ጉልበት ስመህ ንገርልኝ። በገና አሥር አውታር አለው፣ እንዚራው (ከአውታሩ ሥር የሚገባው ቆዳ) ነው ያን እዝዝታ የሚሰጠው፤ የሰውየውን ጉሮሮ ሲጋራው ነው እንዚራ ያደረገለት።


የአውቶቡስ መስኮት (ሞንትሪያል)

እሑድ ዕለት መቃብሩ ሄጄ ነበር። ሞን ሮያል ተራራ ጥግ፣ የአይሁዶች መቃብር ውስጥ፣ ከቤተሰቡ ጋር ነው የተቀበረው። የሞተው ሎስ አንጀለስ ነው፣ ግን በኑዛዜው መሠረት በተራ የእንጨት ሳጥን አምጥተው ቀበሩት፤ ዜናው ለሕዝብ የተነገረው በዚያው በቀብሩ ቀን ነው። ትልቅ ሐውልት ስጠብቅ አጠገቡ አልፌ ተመለስኩ። ድንጋዩ ላይ ሰው ትናንሽ ጠጠር ደርድሯል፣ የነሱ ልማድ ነው፤ አበባ አያስቀምጡም። አንዱ ጠጠር ሥር የአውቶቡስ ትኬት ተሸጉጦ አገኘሁ። እኔም ከኪሴ የራሴን አወጣሁ።

ሰኞ ጠዋት ለእማማ የመጨረሻውን አልበም በስልኬ አሰማኋቸው፤ ውሃው ሞቋል፣ ሳሙናው ፀጉራቸው ላይ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ ዓይናቸውን ገልጠው "ይሄ እሱ አይደለም" አሉኝ።

"እሱ ነው እንጂ እማማ።"

"አይደለም። ይሄ አባቱ ነው።"


ጊታሬን ያያችሁ (ፒያሳ)

😂 ንገሯቸው፣ እውነታቸውን ነው።


ደብተር ያዥ (ዱባይ)

ለጀማሪ የቱን ላውርድ? ረዥም እንዳይሆን፣ ወደ ሥራ ስነዳ ነው የምሰማው።


አቦል (አዲስ አበባ)

እየነዳህ ከሆነ ምንም አታውርድ።